ድፍን ቀለምና የኢፖክሲ ሥራ በቤታችን

ሒና የተቀባች እህት ውዱእ ስታደርግ ውሃው ቆዳዋን ያገኘዋል። የጥፍር ቀለም የተቀባች እህት ግን ቀለሙን ሳታስለቅቅ ውዱእ ብታደርግ ውሃው ጥፍሯ ዘንድ አይደርስም። ይህን ልዩነት ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ለምን እንደሆነ ግን ብዙዎቻችን ጠይቀን አናውቅም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሒና ቆዳው ውስጥ ገብቶ ከራሱ ከቆዳው ጋር ስለሚያያዝ ታጥቦ ሲሄድ መልኩን ብቻ ትቶ ይሄዳል። የጥፍር ቀለም ደግሞ ጥፍሩ ላይ እንደ ቆዳ ሆኖ ይነጠፋል። አንዱ መልክ ነው፤ ሌላው ሽፋን ነው።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ያነሣነው ስለ ማጌጥ ልንጽፍ ፈልገን አይደለም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በአዲስ አበባ እየተለመደ ስለመጣው የኢፖክሲ ሥራ፣ በተለይም ኢፖክሲውን ድፍን አድርጎ ስለሚያቀልመው ፔስት ስለሚባለው ወፍራም ቀለም ልናወጋችሁ ነው። የረከቦት ገጽ፣ የቡና ትሪ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ መሐሉ ላይ ወንዝ የሚፈስበት የሚመስል የዋንዛ ጠረጴዛ፣ የስም መጻፊያ ሰሌዳ፣ የቁልፍ መያዣ ሁሉ በዚህ ይሠራል። ሥራው ትልቅ ማሽን አይጠይቅም። ቤት ውስጥ ልጆቿን እያሳደገች ገቢ ለማግኘት የምትፈልግ እናት፣ ወይም ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የሚፈልግ ወጣት በአንድ ጠረጴዛ ሊጀምረው ይችላል። ችግሩ ያለውም እዚሁ ላይ ነው። ቀላል ስለሚመስል ሳይማሩ ይጀመራል፤ የመጀመሪያው ገንዘብም ትሪው ላይ እንደተጣበቀ ይቀራል።

ለቡ መብራት ኃይልን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል የሚገኝ ሰፈር ነው። ብዙ ሰው ከመሐል ከተማ ወጥቶ የሰፈረበት፣ ፎቅ ላይ የሚኖርበት፣ አዲስ ቤት ገብቶ ሳሎኑን የሚያደራጅበት ሰፈር በመሆኑ ለእንዲህ ያለ የእጅ ሥራ ገበያው ሩቅ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. መባቻ የተመረቀው የአዲስ አበባ ጅቡቲ የባቡር መሥመር ጣቢያም በዚያው በፉሪ ለቡ ይገኛል። ዳሩ ግን ኢፖክሲውም ቀለሙም ከውጭ የሚመጡ ናቸው። በመሆኑም አንድ ጠርሙስ ማበላሸት ለአንድ ቤተሰብ የወር አስቤዛን የሚነካ ነገር ነው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነውም ስለዚሁ ነው።

መልክና ሽፋን

ኢፖክሲ ሁለት ፈሳሽ ነው። አንዱ ሬዚን ሲሆን ሌላው ሃርድነር የሚባለው ማጠንከሪያ ነው። ለየብቻቸው ቢቀመጡ ለወራት ፈሳሽ እንደሆኑ ይቆያሉ። ሲገናኙ ግን እርስ በርሳቸው ተሳስረው ዳግመኛ የማይቀልጥ ጠጣር ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ፒየር ካስታን የተባለ የስዊዘርላንድ ኬሚስት ለሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሆን ቁስ ሲፈልግ የደረሰበት ነገር ነው። ሲባ የተባለው ኩባንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1946 አራልዳይት በሚል ስም ማጣበቂያ አድርጎ ለገበያ አቀረበው። እንግዲህ ለጥርስ የታሰበው ነገር ዛሬ የረከቦት ገጽ ሆኗል።

ይህን ጠርሙስ የመሰለ ጥሩ ነገር ለማቅለም ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው በፈሳሹ ውስጥ የሚሟሟ ቀለም ነው። እንደ ሻይ ነው፤ ቀለሙ አለ፣ ብርጭቆው ግን አሁንም ያሳያል። ሁለተኛው የማይሟሟ፣ እጅግ የደቀቀ ዱቄት በፈሳሽ ተለውሶ የሚሠራው ፔስት ነው። ይህ እንደ ወተት ነው። ወተት ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የቅባት ጠብታዎች ብርሃኑን ወዲያና ወዲህ ስለሚበትኑት ከብርጭቆው ማዶ ያለውን ማየት አይቻልም። ድፍን ቀለም የምንለው ይህን ነው።

ለመሆኑ ነጩ ፔስት ለምን እንዲህ ይሸፍናል? ዱቄቱ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባል ማዕድን ነው። ብርሃን ከኢፖክሲው ወጥቶ ወደዚህ ማዕድን ሲገባ በኃይል ይታጠፋል፤ መታጠፉም ከብዙ ነጭ ነገሮች ይበልጣል። ቅንጣቶቹ ከአንድ የጸጉር ዘለላ ውፍረት ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ ያነሱ ሆነው በብዙ ሚሊዮን ስለሚሰበሰቡ ብርሃኑ መንገድ አጥቶ ወደ ዓይናችን ይመለሳል። ጥሩ ብርጭቆ ተሰብሮ ሲደቅ ነጭ እንደሚመስለው ማለት ነው።

ጥቁሩ በሌላ መንገድ ነው የሚሠራው። ብርሃኑን አይመልስም፤ ይውጠዋል። ዱቄቱም ካርቦን ነው፤ በእኛ አነጋገር ጥላሸት። በገጠር ቁርኣን ቤት የተማሩ አባቶች ይህን ሲሰሙ ፈገግ ሳይሉ አይቀሩም። ለውሕ ላይ የሚጻፍበት ጥቁር ቀለም ከጥላሸት ነበርና የሚዘጋጀው። ደረሳው ትምህርቱን ሲይዝ ለውሑ ይታጠባል፤ ጥላሸቱ ከእንጨቱ ጋር ስላልተዋሐደ በውሃ ይለቃል። በኢፖክሲ ውስጥ የገባው ጥላሸት ግን ፈሳሹ ሲጠነክር ታስሮ ይቀራል።

ቀይና ቡናማውም ሩቅ አይደለም። ብረት ኦክሳይድ የሚባለው ነው፤ አፈርን ቀይ የሚያደርገው ያው ነገር። ሐረር ጁገል ውስጥ የሐረሪ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው እንግዶች የሚቀመጡባቸውን ነደባዎች ያስታውሳል። ቀለማቸው ቀይ አፈር ነው። ቀለሙ በ1887 እ.ኤ.አ. በጨለንቆ ጦርነት ለወደቁት መታሰቢያ ነው የሚል ትውፊትም በሐረሪዎች ዘንድ አለ። ቀይ አፈር በቀላሉ መልኩን የማይቀይር መሆኑ ለእኛ ሥራም ትምህርት አለው። የብረት ኦክሳይድ ቀለም ፀሐይ አያደበዝዘውም። ሮዝና ደማቅ ወይን ጠጅ የመሰሉ አንዳንድ ቀለሞች ግን መስኮት አጠገብ ከተሰቀሉ ሊገረጡ ይችላሉ።

ልኩን ማወቅ

ጀማሪ ብዙውን ጊዜ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ቀለሙ ደመቅ እንዲል እያለ ይጨምራል፣ ይጨምራል። ፔስቱ ግን ከኢፖክሲው ጋር አብሮ የሚጠነክር ነገር አይደለም፤ በመካከሉ የገባ እንግዳ ነው። ሲበዛ ሬዚኑና ማጠንከሪያው በደንብ እንዳይተሳሰሩ ስለሚያደርግ ሥራው በጣት ሲነካ የሚጣበቅ ወይም እንደ ላስቲክ የሚልመጠመጥ ሆኖ ይቀራል። እንዲህ የሆነ ትሪ ደግሞ አይጠገንም። አምራቾች ባጠቃላይ ከ100 ግራም ኢፖክሲ ውስጥ ከ5 ወይም ከ6 ግራም እንዳይበልጥ ይመክራሉ። ትክክለኛው ጣሪያ የያዛችሁት ጠርሙስ ላይ የተጻፈው ነው። ለድፍን መልክ ብዙ ጊዜ 2 ወይም 3 ግራም ይበቃል። ጥቁር ከሆነ ከዚያም ያንሳል፤ ጥላሸት ስስታም ቀለም አይደለም።

በቁጥር እንየው። 30 ሳንቲሜትር በ40 ሳንቲሜትር የሆነ የቡና ትሪ ላይ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ማፍሰስ አሰብን እንበል። ሠላሳውን በአርባው፣ ከዚያም በ0.3 ስናባዛ 360 ሚሊሊትር ይመጣል። ጠርሙሱ ሁለት እጅ ሬዚን ለአንድ እጅ ማጠንከሪያ በልኬት የሚል ከሆነ 240 ሚሊሊትር ሬዚንና 120 ሚሊሊትር ማጠንከሪያ ነው። የተቀላቀለው ክብደቱ ወደ 400 ግራም ግድም ይሆናል። ለአንድ መቶው 3 ግራም ብለን 12 ግራም ፔስት እንመዝናለን። ቀለሙ በዓይን አይለካም፤ ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን ለዚህ ሥራ ከሁሉም በፊት የሚገዛ ዕቃ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በልኬት ሁለት ለአንድ የሚል ኢፖክሲ በሚዛን ሁለት ለአንድ አይደለም። ማጠንከሪያው ከሬዚኑ ስለሚቀል ነው። ጠርሙሱ በሚሊሊትር ብሎ ከነገራችሁ ምልክት ባለው ኩባያ ስፈሩ፤ በግራም ካለ መዝኑ። ሁለቱን የቀላቀለ ሰው ጥፋቱን ቀለሙ ላይ ይጥላል፤ ቀለሙ ግን ምንም አላጠፋም።

ፔስቱን መቼ እንጨምር? አንዳንዶች ሁሉንም ካዋሐዱ በኋላ ይጨምራሉ፤ ስሕተት አይደለም። ለእኛ የተሻለ የሚመስለን ግን አስቀድሞ ከተሰፈረው ሬዚን ጋር ማዋሐድ ነው። ማጠንከሪያው እስካልገባ ድረስ ጊዜ አይቆጥርባችሁም፤ እብጠቱ እስኪጠፋ ተረጋግታችሁ ታማስላላችሁ። ከዚያ በኋላ ማጠንከሪያው ይገባና ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ፣ የኩባያውን ግድግዳና ታች እየጠረጉ፣ ቀስ ብሎ ማማሰል ነው። እንደ እንቁላል መምታት አያስፈልግም፤ አየር ይገባበታል። የፔስቱ ብልቃጥ ብዙ ከቆየ ዱቄቱ ወደ ታች ስለሚዘቅጥ ከመመዘኑ በፊት እርሱም ይማሰል።

ፔስት የሌለው ሰው የግድግዳ ቀለም ቢጨምርስ? ውሃ ያለበት ቀለም ነገሩን ያበላሸዋል። ውሃው ከማጠንከሪያው ጋር ስለማይስማማ ገጹ ይደበዝዛል፣ ይጨማተራል። ደረቅ ዱቄት ቀለም ደግሞ ይሠራል፤ ነገር ግን ይቦናል፣ ልጆች ባሉበት ክፍል ውስጥ ይተነፈሳል፤ በእጅ ሲማሰልም ሙሉ በሙሉ ስለማይለወስ ነጠብጣብ ይተዋል። የፔስት ጥቅሙ ዱቄቱ ፋብሪካ ውስጥ ተፈጭቶና ተለውሶ መምጣቱ ነው።

ዋንዛና የአዲስ አበባ ብርድ

በእንጨት ለሚሠሩ ወንድሞች ሁለት ቃል እንበል። ዋንዛ መልኩ የሚያምር፣ ለቤት ዕቃ የለመድነው እንጨት ነው። ነገር ግን ቀዳዳ አለው። ነጭ ወይም ጥቁር ፔስት ያለበት ኢፖክሲ በቀጥታ ካፈሰሳችሁበት ቀለሙ በደም ሥሩ ገብቶ ይሮጣል፤ ጥርት ያለ የወንዝ ዳር ታስባላችሁ፣ የተነከረ ጨርቅ የመሰለ ዳር ታገኛላችሁ። በመሆኑም ዳሩን አስቀድሞ ቀለም በሌለው ኢፖክሲ ስስ አድርጎ መቀባትና ማድረቅ ያስፈልጋል። ይህ ከእንጨቱ የሚወጣውን የአየር አረፋም ያስቀራል። እንጨቱ ራሱ በደንብ ያልደረቀ ከሆነ ግን ምንም ቢቀቡት አይረዳም።

ሌላው ብርዱ ነው። አብዛኛው ኢፖክሲ የተዘጋጀው ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለሆነ ክፍል ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ማታ የፈሰሰ ሥራ ጠዋት ሳይጠነክር ቢገኝ አይደንቅም። ሬዚኑን ጠርሙሱ እንደተከደነ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ማቆየት ይረዳል። ከሰል ምድጃ አጠገብ ማስጠጋት ግን አይገባም። በክረምት ደግሞ እርጥበቱ ገጹ ላይ የሚያሙለጨልጭ፣ ሰም የመሰለ ነገር ሊያመጣ ይችላል፤ በሳሙናና በውሃ ይታጠባል። በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈጉ ከዚያ በኋላ ነው። (ሰፈሩ መብራት ኃይል ቢባልም መብራት የሚጠፋበት ቀን አለና፣ ለመፈግፈጊያ ማሽኑ ሳይሆን ለእጅ ሥራው ቀን መመደብ ብልህነት ነው።)

የከፍታውን ነገር ካነሣን ፀሐዩንም እንጨምር። በደጋ የፀሐይ ጨረር ይበረታል፤ ኢፖክሲ ደግሞ በፀሐይ ብርሃን እያደር ወደ ቢጫ ያደላል። ይህ ከሁሉም በላይ የሚታየው ነጭ ላይ ነው። ለበረንዳ ወይም ለመስኮት ዳር የሚሆን ሥራ ከጠየቋችሁ ነጩን ትታችሁ ጥቁር፣ ጥቁር ሰማያዊ ወይም የአፈር ቀለም ብታቀርቡ ደንበኛው ከዓመት በኋላ አይወቅሳችሁም።

ሳሎኑ፣ ልጆቹና እጃችን

ፎቅ ላይ የሚኖር ቤተሰብ ሳሎኑም መኝታውም ወጥ ቤቱም ተጠጋግቶ ነው። ያልጠነከረ ኢፖክሲ ቆዳን ያስቆጣል። ከዚህ የሚብሰው ግን አለርጂው ነው። ደጋግሞ በባዶ እጅ የነካው ሰው ሰውነቱ አንድ ቀን እምቢ ሊል ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ጥቂት ቢነካው እንኳ እጁ ያሳክከዋል፣ ያብጣል፣ ይቆስላል። ይህ አለርጂ አንዴ ከያዘ ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ አይለቅም። ያ ሰው ሥራውን መተው ሊኖርበት ነው ማለት ነው፤ እንጀራውን ማለት ነው። ስለዚህ ናይትራይል የሚባለው ጓንት የቅንጦት ዕቃ አይደለም፤ በተቀደደ ቁጥር ይቀየራል። መስኮት ይከፈታል። ሕፃናት በሌሉበት ክፍል፣ ምግብ በማይሠራበት ጠረጴዛ ላይ ይሠራል። የተረፈው ቅልቅል ማጠቢያ ውስጥ አይደፋም፤ ኩባያው ውስጥ ጠንክሮ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይጣላል። ብዙ መጠን በአንድ ኩባያ ተቀላቅሎ ከቆየም በራሱ ሙቀት ይግላል፣ ይጨሳል፣ ፕላስቲኩን እስከማቅለጥ ይደርሳል።

ሲፈገፈግ የሚወጣው ብናኝም እንዲሁ ነው። ውስጡ ያው ቀለም አለ። ጭንብል አድርጎ፣ ገጹን እያረጠቡ መፈግፈግ ይሻላል።

ወላጆች በተለይ ስለ ቢጫና ስለ ብርቱካናማ ቀለም መጠየቅ አለባቸው። ከዘመናት ጀምሮ ደማቅ ቢጫ ቀለም ከሚሠራባቸው ነገሮች አንዱ ሊድ ክሮሜት ነው። ሊድ ማለት እርሳስ የሚባለው ብረት ሲሆን የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ፣ ጥቂቱም ደህና ነው የማይባል መርዝ ነው። አገራችንም እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በቀለም ውስጥ የሚገኘውን ሊድ በሚሊዮን 90 ክፍል እንዳይበልጥ ወስናለች። ከምን እንደተሠራ ያልተጻፈበት፣ በፌስታል ተቋጥሮ የሚሸጥ ቢጫ ዱቄት ለሕፃን ክፍል የስም ሰሌዳ አይሆንም። ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ አፈርና ሰማያዊ ከያዛችሁ ለመጀመሪያው ዓመት በቂ ነው።

አሁን ወደ ውዱእ እንመለስ። ፔስትና ኢፖክሲ እጅ ላይ ሲደርቅ እንደ ሒና ሳይሆን እንደ ጥፍር ቀለም ነው፤ ውሃ አያሳልፍም። ስለዚህ ከውዱእ በፊት መነሣት አለበት። አንዳንድ ልጆች ለማስለቀቅ በቲነር ሲታጠቡ ይታያል። ይህ አደጋ ነው። ቲነር የቆዳውን ቅባት ስለሚያነሣው ኢፖክሲው ይበልጥ እንዲገባ መንገድ ይከፍትለታል። ሳይጠነክር በደረቅ ወረቀት ጠርጎ፣ የምግብ ዘይት ቀብቶ ማሸት፣ ቀጥሎም በሳሙናና በለብታ ውሃ መታጠብ ይበልጣል። ጠንክሮ ከቀረና ቆዳ ካልቆረጡ የማይለቅ ከሆነ ራስን ከማቁሰል በፊት የሰፈር ዑለማን መጠየቅ ነው። ጓንቱ ግን ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ጊዜውንም እናስብ። የተቀላቀለ ኢፖክሲ ከሃያ እስከ አርባ ደቂቃ ብቻ ነው የሚታዘዘው። ዐስር ሊገባ ሲል የጀመረ ሰው አዛን ሲሰማ ወይ ሶላቱን ያዘገያል፣ ወይ ትሪውን ይጥላል። ዙሁርን ሰግዶ ወዲያው የጀመረ ሁለቱንም ያገኛል።

በዚህ ሥራ የቁርኣን አንቀጽ ወይም የአላህን ስም ለመጻፍ የሚጠይቁ ደንበኞች ይመጣሉ። ግድግዳ ላይ ስለመስቀል ዑለማዎች የተለያየ አስተያየት አላቸው፤ በዚያ ላይ የሚያምኑትን ዓሊም መጠየቅ ይገባል። ምግብ በሚቀርብበት ትሪ፣ ሲኒ በሚደረደርበት ረከቦት ላይ መጻፍን ግን አይሆንም ብሎ መመለስ ክብሩን ማወቅ ነው። ደንበኛውም ሲነገረው ይገባዋል።

ረከቦትና ጀበና

የጠነከረ ኢፖክሲ ድንጋይ ቢመስልም ሙቀት ይፈራል። ብዙዎቹ የዕደ ጥበብ ኢፖክሲዎች ከ50 ወይም ከ60 ዲግሪ በላይ ሲሆን ይለሰልሳሉ። ከከሰል ላይ የተነሣ ጀበና ከዚያ በብዙ ይበልጣል፤ በቀጥታ ቢቀመጥ ክብ ምልክት ይተዋል። ዕጣን ማጤሻውም እንዲሁ። ስለዚህ ረከቦት ሠርታችሁ ስትሸጡ ማቶቱንም አብራችሁ ስጡ፤ ከሣር ወይም ከእንጨት የተሠራ ይሁን። ትኩስ ነገር በቀጥታ እንዳይቀመጥበት፣ ምግብ በቀጥታ እንዳይቀርብበት፣ በቢላ እንዳይቆረጥበት ከታቹ በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ለጥፉ። በረመዷን ሳምቡሳ የሚቀርብበት ትሪ ከሆነ ላዩ ላይ ሳህን ወይም ወረቀት ይነጠፍበታል።

ለመጀመር የሚፈልግ ወጣት ከትሪው በፊት የለስላሳ ቆርኪ ይሰብስብ። ሠላሳ ወይም አርባ ቆርኪ ከየሱቁ በነፃ ይገኛል። በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ግራም፣ ሁለት ግራም፣ ሦስት ግራም እያለ የተመዘነ ፔስት ያለበትን ቅልቅል ጥቂት ጥቂት ያፍስስ፤ ልኩንም ከሥሩ ይጻፍ። በማግሥቱ በጥፍሩ ይሞክረው፣ ወደ መስኮት ይዞ ብርሃን ያሳልፍ እንደሆነ ይየው። ከነጩ ጋር ጥቂት ጥቁር ሲገባ ግራጫው ስንት ዓይነት እንደሚሆን፣ ቀይ አፈሩ ከነጭ ጋር የሸክላ መልክ እንዴት እንደሚሰጥ የሚታወቀው ከቆርኪው ነው። ቆርኪዎቹን በተርታ ጣውላ ላይ አጣብቆ ግድግዳው ላይ ቢሰቅላቸው ደንበኛ ሲመጣ የሚፈልገውን ቀለም ከዚያ ላይ በጣቱ ያሳየዋል፤ ልኩም ከሥሩ ተጽፏል።